የገባ ሁሉ ልኩ አይደለም፦ የአሮጌ «ሆት ሮድ» መኪኖች የፊት ጎማ ኩሽኔታና የእንዝርቱ ፊዚክስ

በአሜሪካ አሮጌ መኪና እያደሱ በሚኖሩ ሰዎች ጋራዥ ውስጥ በቀላሉ የሚገኙ ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ። የአንደኛው ውስጠኛ ቀለበት «ኤል 68149»፣ የሁለተኛው ደግሞ «ኤልኤም 67048» የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል። የመጀመሪያውን «ኤል 68110» በሚባለው፣ ሁለተኛውን «ኤልኤም 67010» በሚባለው ውጨኛ ቀለበቱ ውስጥ አስቀምጠን በካሊፐር ብንለካቸው፣ የሁለቱም የውጭ ዲያሜትር 59.131 ሚሊሜትር፣ የሁለቱም ስፋት 15.875 ሚሊሜትር ሆኖ ይገኛል። ከውጭ ለሚያያቸው መንታ ናቸው። ልዩነታቸው በመሃል ባለው ቀዳዳ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው 34.988፣ ሁለተኛው 31.75 ሚሊሜትር ዲያሜትር አለው።

ይህች ከሦስት ሚሊሜትር ጥቂት የምትበልጥ ልዩነት፣ በሰዓት ከመቶ ኪሎሜትር በላይ የሚበር መኪና የፊት ጎማ በቦታው መቆየት አለመቆየቱን ልትወስን ትችላለች። እንዴት? መልሱን ለማግኘት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማርነው መካኒክስ ብዙም ርቀን መሄድ አያስፈልገንም።

ሆት ሮድ ምንድን ነው?

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሆት ሮድ ማለት አሮጌ መኪና ተገዝቶ፣ ትርፍ ክብደቱ ተራግፎ፣ ከተሠራበት ሞተር የበለጠ ጉልበት ያለው ሞተር የተገጠመለት የፍጥነት መኪና ነው። ልማዱ የተስፋፋው በደቡብ ካሊፎርኒያ ሲሆን፣ ወጣቶች መኪኖቻቸውን ሙሮክና ኤል ሚራዥ በተባሉት የደረቁ ሐይቆች ጠፍጣፋ ወለል ላይ ያወዳድሩ ነበር። የደቡብ ካሊፎርኒያ የፍጥነት ማኅበር የተመሠረተው በ1937 ነው፤ «ሆት ሮድ» የተባለው መጽሔትም በጥር 1948 መታተም ጀመረ።

ለዚህ ሥራ ከሁሉ የበለጠ የተወደዱት የፎርድ መኪኖች ነበሩ። ከ1928 እስከ 1931 የወጣው ሞዴል ኤ ሞተሩ 40 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በ1932 የቀረበው ባለ ስምንት ሲሊንደር ፎርድ ደግሞ 65 የፈረስ ጉልበት ይዞ መጣ። ሞተር ሲጨምር ፍጥነት ይጨምራል፤ ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ማቆም ይከብዳል፤ የእንቅስቃሴ ኃይል በፍጥነት ስኩዌር ልክ ያድጋልና። ፎርድ እስከ 1938 ድረስ ፍሬኑን የሚያሠራው በዘንግና በገመድ ነበር፤ በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን የጀመረው በ1939 ነው። ስለዚህ የ1932ን መኪና የያዘ ወጣት የ1939ን ወይም የ1940ን ፍሬን ከወዳደቀ መኪና ፈትቶ በራሱ ላይ መግጠም ያዘ። ፎርድ እስከ 1948 ድረስ ባለ አንድ ወጥ የፊት አክስሉን ባለመተዉ ይህ ዝውውር አስቸጋሪ አልነበረም። በኋለኞቹ አሥርተ ዓመታት ደግሞ ከ1970ዎቹ መኪኖች የተወሰደ የዲስክ ፍሬን በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የፊት አክስል ላይ መታየት ጀመረ።

ችግሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የጎማው እምብርት (ቸርኬው የሚታሰርበት ክፍል) ከአንድ መኪና፣ እምብርቱ የሚዞርበት ዘንግ ከሌላ መኪና ይመጣል። ሁለቱን የሚያገናኘው ኩሽኔታው ነው። የሁለት ባዕዳን አስታራቂ እንደ ማለት ነው።

እንዝርትና ኩሽኔታ

ከፊት አክስል ጫፍ ወጥቶ ጎማውን የሚሸከመውን አጭር ዘንግ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚጠሩት ጥጥ በሚፈተልበት በእንዝርት ስም ነው፤ እኛም እንዝርት እንበለው። ሆኖም አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የፈታይዋ እንዝርት ትሾራለች፤ የመኪናው እንዝርት ግን አይዞርም፤ የሚዞረው በዙሪያው ያለው ጎማ ነው። ይህን ልዩነት አንባቢው በልቡ እንዲይዘው እጠይቃለሁ፤ ወደ በኋላ ዋና ነገር ይሆናልና። ኩሽኔታ የሚለው ቃል ደግሞ ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዦቻችን የገባ ነው። በሳንቃ ላይ አሮጌ ኩሽኔታ ገጥሞ ቁልቁለት የወረደ ልጅ ዕቃውን ከመጻሕፍት በፊት አውቆታል።

በእንዝርቱ ላይ ሁለት ኩሽኔታዎች ይቀመጣሉ፤ ትልቁ ከውስጥ በኩል፣ ትንሹ ከውጭ በኩል። በ1950ዎቹ የቼቭሮሌት መኪኖች ላይ እነዚህ ባለ ብይ ነበሩ፤ ማለትም በቀለበቶቹ መካከል የሚንከባለሉት ድቡልቡል የብረት ኳሶች ናቸው። በፎርዶቹ ላይ ግን ሾጣጣ ተንከባላይ ያላቸው ኩሽኔታዎች ነበሩ። ይህን ዓይነቱን ኩሽኔታ ለአሜሪካ ያስተዋወቀው ሄንሪ ቲምከን የተባለ የሴይንት ሉዊስ ከተማ የሠረገላ ሠሪ ሲሆን፣ ከእህቱ ወይም ከወንድሙ ልጅ ከሬጂናልድ ሃይንዘልማን ጋር የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1898 ነው። በፈረስ የሚጎተት ሠረገላ ሲታጠፍ ጎማው ወደ ጎን ይገፋል፤ ተራ ኩሽኔታ ይህን የጎን ግፊት አይችለውም ነበር።

ሾጣጣው ቅርጽ እንዴት ይችለዋል? ቀላል ሙከራ እናድርግ። አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ የሆነ የፕላስቲክ ኩባያ በጠረጴዛ ላይ አጋድመን ገፋ ብናደርገው በቀጥታ አይሄድም፤ ክብ ይሠራል። የክቡ ማዕከል የኩባያው ጎኖች ወደ ጠባቡ በኩል ቢራዘሙ የሚገናኙበት ነጥብ ነው። ሰፊው አፍ ረጅም መንገድ፣ ጠባቡ ታች አጭር መንገድ ይሄዳሉ፤ ሁለቱም ሳይንሸራተቱ ይንከባለላሉ። በሾጣጣ ኩሽኔታ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። የውስጠኛው ቀለበት ገጽ፣ የውጨኛው ቀለበት ገጽና የእያንዳንዱ ተንከባላይ ገጽ ቢራዘሙ ሁሉም በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ፤ ያም ነጥብ በእንዝርቱ መካከለኛ መስመር ላይ ይውላል። ይህ እስከ ተጠበቀ ድረስ እንቅስቃሴው ከሞላ ጎደል ንጹሕ መንከባለል ነው፤ ሰበቃውም እጅግ ጥቂት ነው። ነጥቡ ከቦታው ከተዛነፈ ግን ተንከባላዩ በአንድ ጫፉ እየተንሸራተተ ይፋጫል።

የሎሚ ፍሬ በሁለት ጣት ሲጨመቅ ወደ ሰፊው በኩል ተፈናጥሮ እንደሚያመልጥ፣ ተንከባላዩም በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ሲጫን ወደ ሰፊ ጫፉ ይገፋል። በውስጠኛው ቀለበት ጠርዝ ላይ ያለው ከንፈር ይይዘዋል። ግሪሱ በዋናነት የሚያስፈልገው በዚህ ከንፈር ላይ ላለው መንሸራተት ነው።

ቁጥሩን ማንበብ

አሁን ወደ ሁለቱ መንታዎች እንመለስ። «ኤል» ቀላል፣ «ኤልኤም» ቀላል-መካከለኛ የሚለውን የጭነት ምድብ ያመለክታሉ። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ አኃዝ የውጨኛውን ቀለበት የማዕዘን ደረጃ፣ የሚከተሉት ሁለት አኃዞች የቤተሰቡን ቁጥር ይናገራሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ከ30 እስከ 49 ከሆኑ ውስጠኛ ቀለበት፣ ከ10 እስከ 29 ከሆኑ ውጨኛ ቀለበት ነው። ስለዚህ 68149 እና 68110 የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ 67048 እና 67010 እንዲሁ።

ሥራ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እምብርቱ ውስጥ 68110 ተገጥሞ አገኘ እንበል። እንዝርቱ ግን 31.75 ሚሊሜትር ነው። «የውጭ ልካቸው አንድ ከሆነ አሮጌውን ውጨኛ ቀለበት ለምን አወጣለሁ?» ብሎ 67048ን በ68110 ውስጥ ይከታል። ይገባል፤ ይዞራልም። ነገር ግን የውጭ ዲያሜትራቸው አንድ ቢሆንም የውስጥ ገጻቸው ለተለያየ ተንከባላይ የተበጀ ስለሆነ፣ ከላይ ያየነው የጋራ ነጥብ ይፈርሳል። ጭነቱ በተንከባላዩ ርዝመት ሁሉ ከመከፋፈል ይልቅ በጠባብ ሰቅ ላይ ይወድቃል። ትክክለኛው መንገድ ውጨኛውን ቀለበት ማውጣትና 67010ን በቦታው ማስገባት ነው። ያኔ እምብርቱ ሳይነካ፣ እንዝርቱ ሳይነካ፣ ሁለቱ ባዕዳን ይስማማሉ። በውጨኛው በኩል ባለው ትንሽ ኩሽኔታም ተመሳሳይ ጥንድ አለ፦ «ኤልኤም 11949» ቀዳዳው 19.05፣ «ኤልኤም 12749» ቀዳዳው 21.986 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በ11910 እና በ12710 ውጨኛ ቀለበቶቻቸው የሁለቱም የውጭ ዲያሜትር 45.237 ሚሊሜትር ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። 68149 «68111» በሚባል ሌላ ውጨኛ ቀለበትም ይሠራል፤ የዚህኛው የውጭ ዲያሜትር 59.975 ሚሊሜትር ነው። የእምብርቱ ቀዳዳ ለዚህ የተበጀ ከሆነ 67010 በውስጡ ይንኳኳል። ካታሎግ ከማንበብ በፊት ማይክሮሜትር መያዝ የሚገባው ለዚህ ነው።

የኃይሉ ስሌት

ቀዳዳውን ማስማማት የሥራው እኩሌታ ብቻ ነው። ሌላኛው እኩሌታ፣ እንዝርቱ የሚመጣበትን ኃይል ይችላል ወይ? የሚለው ነው። ለግምት ያህል 1000 ኪሎግራም የሚመዝን ሆት ሮድ እንውሰድና ክብደቱ በአራቱ ጎማዎች እኩል ተከፋፍሏል እንበል። መኪናው ቆሞ ሳለ እያንዳንዱ ጎማ 2450 ኒውተን ገደማ ይሸከማል። ይህ ለኩሽኔታው ቀላል ነው።

መኪናው በፍጥነት ሲታጠፍ ግን መንገዱ የጎማውን ታች ወደ ጎን ይገፋዋል። ይህ የጎን ኃይል 2500 ኒውተን ነው እንበል። ኃይሉ የሚያርፈው ከእንዝርቱ መካከለኛ መስመር 0.33 ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ጎማው መሬት በሚነካበት ቦታ ነው። ሞመንቱ 2500 × 0.33 = 825 ኒውተን-ሜትር ይሆናል። ይህን ሞመንት የሚመክቱት ሁለቱ ኩሽኔታዎች ናቸው፤ ከእነርሱ በቀር ማንም የለም። በመካከላቸው ያለው ውጤታማ ርቀት 75 ሚሊሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱ ላይ 825 ÷ 0.075 = 11000 ኒውተን ይወድቃል። ቆሞ ከሚሸከመው አራት ተኩል እጥፍ መሆኑ ነው። የኩሽኔታዎቹ ሾጣጣ ገጾች ሰፊ ጫፋቸውን ወደ ውጭ አድርገው የሚገጠሙትም በከንቱ አይደለም፤ በዚህ አቀማመጥ የኃይል መስመሮቹ እንዝርቱን የሚያገኙት በዓይን ከሚታየው በበለጠ ተራርቀው ስለሆነ ውጤታማው ርቀት ይሰፋል።

የጭነትና የዕድሜ ግንኙነት ደግሞ ምሕረት የለውም። ስዊድናውያኑ ሉንድበርግና ፓልምግሬን በ1947 ባወጡት ጥናት መሠረትነት በዛሬው ስሌት የባለ ተንከባላይ ኩሽኔታ ዕድሜ በጭነቱ 10/3 ፓወር ልክ ይቀንሳል። ጭነቱ እጥፍ ቢሆን ዕድሜው ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ሰፊ ቸርኬ ለመልክ ሲባል ጎማውን ወደ ውጭ ያወጣ ሰው ይህን ሒሳብ ቢሠራው መልካም ነበር።

እንዝርቱስ? የክብ ዘንግ የመታጠፍ ጥንካሬ በዲያሜትሩ ኩብ ልክ ያድጋል። 825 ኒውተን-ሜትር በ34.988 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ 196 ሜጋፓስካል ገደማ ውጥረት ይፈጥራል፤ በ31.75 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ ግን 263 ይሆናል። ዲያሜትሩ በአሥር በመቶ ገደማ ቢለይም ውጥረቱ በ34 በመቶ ጨመረ። ስለዚህ ወፍራሙን እንዝርት በቶርኖ አቅጥኖ አነስተኛውን ኩሽኔታ ማስገባት የጥንካሬውን ሩብ ቆርጦ እንደ መጣል ነው። በተቃራኒው በቀጭኑ እንዝርት ላይ መካኒኮች ቦኮላ የሚሉትን ቀጭን የብረት ቱቦ አልብሶ ትልቁን ኩሽኔታ መግጠም ይቻላል፤ ለዚህ የቱቦው ግድግዳ 1.619 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ይህ እንዝርቱን አያዳክመውም፤ አያጠነክረውምም። ቱቦው ወፍራም ያስመስለዋል እንጂ የሚታጠፈው ያው ቀጭኑ ብረት ነው። በእኔ አስተያየት ተመጣጣኝ ኩሽኔታ በካታሎግ ውስጥ እያለ ቦኮላ መጠቀም ልክ መጠበቅ ያለባቸውን ገጾች ቁጥር ያለ ምክንያት ማብዛት ነው።

እንዝርቱ ከአክስሉ ጋር በሚገናኝበት ሥር ላይ ያለው ጥግም መታየት አለበት። ጥሩ ፋብሪካ ይህን ጥግ ክብ አድርጎ ይሠራዋል፤ ስለታም ጥግ ውጥረትን ያጠራቅማልና። በግንቦት 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ አክስል ተሰብሮ ከ50 የማያንሱ ሰዎች አለቁ። የብረት ድካም የሚባለው ጉዳይ የመሐንዲሶችን ትኩረት የሳበው ከዚያ ወዲህ ነው፤ በፕራሻ የምድር ባቡር ያገለግል የነበረው አውጉስት ቮለርም በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ አክስሎችን ደጋግሞ በማጠፍ ሕጉን አጥንቷል። የእኛ እንዝርት እንደ ባቡር አክስል ስለማይዞር በእያንዳንዱ ዙር ውጥረቱ አይገለበጥም። ነገር ግን እያንዳንዱ ጉድጓድና እያንዳንዱ መታጠፊያ ይቆጠርበታል፤ የ1930ዎቹ እንዝርት ደግሞ ብዙ ቆጥሯል። የአዲሱ ኩሽኔታ ቀዳዳ ጠርዝ ከእንዝርቱ ጥግ ያነሰ ክብነት ካለው፣ ቀለበቱ በጥጉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ከመቀመጫው አይደርስም። ያን ጊዜ ጥጉን በሞረድ ስል ማድረግ ቬርሳይን መድገም ነው፤ የሚለወጠው ኩሽኔታው ነው።

የትኛው ይጥበቅ፣ የትኛው ይላላ?

ቀደም ሲል «በልቡ ይያዘው» ያልሁት ነገር እዚህ ይመጣል። በኤሌክትሪክ ሞተር ላይ የሠራ ሰው ውስጠኛው ቀለበት በዘንጉ ላይ ተጨንቆ እንደሚገባ ያውቃል። በፊት ጎማ ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ከጭነቱ አቅጣጫ አንጻር የሚዞረው ቀለበት መጥበቅ አለበት። መሬት ጎማውን ምንጊዜም ወደ ላይ ይገፋል፤ እንዝርቱና ውስጠኛው ቀለበት ቆመው ሳለ እምብርቱና ውጨኛው ቀለበት ይዞራሉ። ስለዚህ ውጨኛው በእምብርቱ ውስጥ በኃይል ተጨንቆ ይገባል፤ ውስጠኛው በእንዝርቱ ላይ በእጅ ተገፍቶ ይንሸራተታል፤ በሚስተካከልበት ጊዜ መንሸራተት ስላለበትም ይህ የግድ ነው።

ውጨኛው ቢላላ ምን ይሆናል? የእምብርቱ ቀዳዳ ከቀለበቱ በ0.05 ሚሊሜትር ብቻ ይሰፋል እንበል፤ ይህ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ብዙም የማይርቅ ነው። ቀለበቱ በቀዳዳው ውስጥ ሳይንሸራተት ቢንከባለል፣ በእያንዳንዱ የጎማ ዙር የዙሪያቸውን ልዩነት ያህል፣ ማለትም 3.14 × 0.05 = 0.157 ሚሊሜትር ይቀድማል። ሬዲየሱ 0.33 ሜትር የሆነ ጎማ በአንድ ኪሎሜትር 482 ጊዜ ያህል ይዞራል። ስለዚህ ቀለበቱ በየኪሎሜትሩ 76 ሚሊሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ዙሪያው 186 ሚሊሜትር ነውና በየሁለት ኪሎሜትር ተኩሉ በቤቱ ውስጥ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። በ100 ኪሎሜትር 40 ዙር! ብረቱ እየተፋጨ ዱቄት ይሆናል፤ ቀዳዳው ይሰፋል፤ መስፋቱ ዙሩን ያፋጥናል።

እንዝርቱን ስንለካም ይህንኑ አስበን ነው። ጭነቱ በአንድ አቅጣጫ ስለሚመጣ የሚበላው የእንዝርቱ የታችኛው ፊት ነው። ዲያሜትሩን ከላይ ወደ ታችና ከጎን ወደ ጎን ለክቶ ማነጻጸር የዘመናትን ታሪክ ያነባል።

ዳዶውን ማሰር

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ የእንዝርቱ ጫፍ ዳዶ ሁለቱን ኩሽኔታዎች ያቀራርባል። በተለምዶ የሚፈቀደው የጎማው የውስጥና የውጭ እንቅስቃሴ ከ0.025 እስከ 0.127 ሚሊሜትር ነው። ዳዶው ሲጠበቅ ጎማው በእጅ እየዞረ መሆን አለበት፤ ተንከባላዮቹ ከከንፈራቸው ጋር ተደላድለው እስኪቀመጡ ድረስ የሚታየው ልክ ሐሰተኛ ነውና። ከዚያ ዳዶው ላላ ተደርጎ በጣት ብቻ ይመለሳል፤ እንዳይፈታም ባለ ሁለት እግር ሽቦ በእንዝርቱ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ አንዲት የምታስደስት ሒሳብ አለች። ጥርሱ በኢንች 20 የሆነ ዳዶ በአንድ ዙር 1.27 ሚሊሜትር ይጓዛል። ዳዶው ስድስት መሰንጠቂያ ካለውና እንዝርቱ አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለው፣ የሚቆለፍባቸው ቦታዎች በ60 ዲግሪ ይራራቃሉ፤ ያም 0.21 ሚሊሜትር ነው። ከተፈቀደው ልክ ይበልጣል፤ አንዱ ቦታ ጠባብ፣ ቀጣዩ ሰፊ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ እንዝርቶች ላይ ግን ከመጀመሪያው ጋር በ90 ዲግሪ የሚቋረጥ ሁለተኛ ቀዳዳ አለ። 90 በ60 ሲካፈል 30 ይተርፋል፤ ስለዚህ በየ30 ዲግሪው የሚቆለፍ ቦታ ይገኛል፤ እርምጃውም ወደ 0.106 ሚሊሜትር ይወርዳል። በቤተ ሙከራ የምንጠቀምበት የቬርኒዬር መለኪያ ብልሃት ይኸው ነው።

ጥንቁቅ የሆኑት ሠሪዎች ከመዝጋታቸው በፊት በውጨኛው ቀለበትና በእምብርቱ ፊት ላይ የምታልፍ አንዲት ቀጭን መስመር በመጫሪያ ይጭራሉ። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎሜትሮች በኋላ ጎማው ይወርዳል፤ ግሪሱ ይጠረጋል። መስመሯ ሳትቆረጥ ከተገኘች ቀለበቱ አልተነቃነቀም። ግማሿ ወደ አንድ ወገን ሸሽታ ከተገኘች ግን ያ እምብርት ይጣላል፤ የቀዳዳውን ግድግዳ በመምቻ ወግቶ ማጥበቅ ቀለበቱ በጥቂት ነጥቦች ላይ ብቻ እንዲያርፍ ስለሚያደርግ፣ መስመሯ በሚቀጥለው ፍተሻ ከቦታዋ መሸሿ አይቀርም።